ሞስት ዋንትድ፦ በ5ኛው ደረጃ ከፖሊስ ማምለጥ አቃተኝ

የማታ ሹፌር፦

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣውን "ኒድ ፎር ስፒድ፦ ሞስት ዋንትድ" የተባለውን ጌም በአሮጌ ላፕቶፕ እየተጫወትኩ ነው። ብላክሊስት ከሚባሉት 15 ተፎካካሪዎች 13ቱን አሸንፌ፣ ሜርሴዲስ ኤስኤልአር ማክላረን የሚነዳው ሁለተኛው ሰው ቡል ዘንድ ደርሻለሁ። እሱን ለመግጠም የሚጠየቁትን ውድድሮች አሸንፌ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ከፖሊስ ጋር በሚደረግ ማሳደድ የሚሰበሰበው ነጥብ፣ ባውንቲ የሚሉት፣ ብቻ ነው። ሆኖም ከፍ ባለ ቁጥር ፖሊሶቹ የሚበረቱበት የክትትል ደረጃ 5 ሲደርስ በኮርቬት የሚመጡት ፖሊሶች በአውራ ጎዳናው ላይ አይለቁኝም፣ ከእነሱ ባመልጥ እንኳ ኬላ ላይ በተዘረጋው እሾህ ጎማዬ ይፈነዳና ቆሜ እያዛለሁ። መኪናዬ ሁለት ጊዜ ስለተያዘች አንድ ጊዜ ከተደገመ ትወረስብኛለች። ከዚህ የፈጠነ መኪና መግዛት ይሻለኛል ወይስ የማላውቀው ዘዴ አለ?

ቀይ መብራት፦

ወንድሜ፣ ገንዘብህን አታባክን። በዚህ ጌም ውስጥ ፖሊስን በፍጥነት ብቻ አምልጦ የሚጨርስ ሰው የለም፤ የሚያመልጠው ከዓይናቸው የሚሰወር ነው። ለዚህም ነው አውራ ጎዳናውን እንድትተወው የምመክርህ፦ ቀጥ ያለና ሰፊ መንገድ ለእነሱ ኮርቬት ይመቻል እንጂ ላንተ አይመችም፤ ሮዝውድ ወደሚባለው የጌሙ ሰፈር ወርደህ በጎልፍ ሜዳው በኩል ብታቆራርጥ ግን ተከታዮችህ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ፣ ዛፍ ይመታሉ፣ ይበታተናሉ። በካርታው ላይ ምልክት የተደረገባቸው የሚፈርሱ ነገሮችም አሉ። ለምሳሌ የነዳጅ ማደያውን ምሰሶ ገጭተህ ስታልፍ ጣሪያው ከኋላህ ባሉት ላይ ይወድቃል፤ የዶናት ቤቱ ግዙፍ ዶናት ሲንከባለልባቸው ማየት ደግሞ እኔን እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ከዚያ በኋላ ማንም ሳያይህ የምትቆይበት ጊዜ ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አመለጥኩ ብሎ መንዳቱን ይቀጥልና ከሌላ ፓትሮል ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። በዚያ ሰዓት በካርታው ላይ ከሚታዩት መደበቂያ ቦታዎች ወደ ቅርቡ ገብተህ ቁም፤ ጊዜው ቶሎ ያልቅልሃል።

የካምደን ነዋሪ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ነገር ግን ጠያቂው በዋናነት ያነሡት የእሾኹን ጉዳይ ስለሆነ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ጌሙን የሚጫወቱት ድምፅ ከፍተው ነው ወይስ ዘግተው? ፖሊሶቹ በሬዲዮ የሚነጋገሩት ለማሳመር ብቻ የገባ አይደለም። ከፊትዎ ኬላ ሲቆም፣ እሾህ ሲዘረጋ፣ ሄሊኮፕተሩ ነዳጅ ሊሞላ ሲመለስ ሁሉንም እየተነጋገሩ ነው የሚያደርጉት፤ ይህንን የሚያዳምጥ ሰው ኬላው ከመታየቱ በፊት መታጠፊያ ለመፈለግ ጊዜ ያገኛል። መታጠፊያ ከሌለ ጊዜን የሚያዘገየውን ስፒድብሬከር ለዚያች ቅጽበት ያስቀምጡት፤ እሾኹ ካልተዘረጋበት በኩል የቆመውን የፖሊስ መኪና በኋላው በኩል ገጭተው ይለፉ፣ ሞተሩ ያለበት የፊቱ ክፍል ግን ከባድ ስለሆነ ያስቆምዎታል።

የመኪናዎ መወረስ ካሰጋዎት ደግሞ የፖሊስ ክትትል ደረጃው የሚመዘገበው በእርስዎ ላይ ሳይሆን በመኪናዋ ላይ መሆኑን ያስታውሱ። ቀለሟንና አካሏን ቢቀይሩ ይቀንሳል፤ እሷን አሳርፈው በሌላ መኪና ቢሠሩም እንዲሁ ይበርዳል።

ሰባት ቁጥር፦

ሁላችሁም ነገሩን አከበዳችሁት። አውቶቡስ መናኸሪያው ሄዶ አውቶቡሶቹ ጣሪያ ላይ መውጣት ነው፤ ፖሊሶቹ ከታች ሲንጋጉ ባውንቲው ራሱን ይቆጥራል። እኔ እዚያ ላይ ቆሜ እራት በልቻለሁ።

ቀይ መብራት፦

ዘዴው እንደሚሠራ አልክድም፣ ነገር ግን ቆሞ መቁጠር ከሆነ ጌሙን ለምን እንጫወተዋለን? ደግሞም በመጨረሻ የብላክሊስቱን አንደኛ ሬዘርን አሸንፈህ የወሰደብህን ቢኤምደብሊው ኤም3 ጂቲአር ስትመልስ፣ ዋናው አሳዳጅህ ሳጅን ክሮስና የከተማው ፖሊስ ሁሉ ተከትለውህ እስከ ተሰበረው ድልድይ ድረስ መሮጥ አለብህ፤ ያን ጊዜ የአውቶቡስ ጣሪያ አያድንህም። መሸሽን ከአሁኑ መልመድ ይሻላል።

የማታ ሹፌር፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። የምጫወተው ቤተሰብ ከተኛ በኋላ ስለሆነ እስከ ዛሬ ድምፁን ዘግቼ ነበር፤ ፖሊሶቹ የሚናገሩት ነገር ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ትናንት ማታ ኤርፎን አድርጌ ሞከርኩ። እንግሊዝኛው በፍጥነት ስለሚያልፍ ግማሹን አልያዝኩትም፣ ሆኖም ስለ እሾህ ሲያወሩ መለየት አልቸገረኝም፤ ሁለት ጊዜ ቀድሜ ታጠፍኩ፣ ሦስተኛውን ኬላ በኋላው በኩል ገጭቼ አለፍኩ፣ ከጎልፍ ሜዳው ወጥቼም መደበቂያ ውስጥ ገባሁ። ባውንቲው ሞልቶልኛል። ያው በመጨረሻዋ ደቂቃ ከደስታ ብዛት ጮኼ እናቴን ቀሰቀስኳት እንጂ፣ ዛሬ ማታ ቡልን እገጥመዋለሁ።