ፊደሉን ጨርሶ ንባብ ላይ የሚደነቃቀፍ ልጅ ምን ይደረጋል?

የባቢ እናት
እንደምን ሰነበታችሁ። አራት ኪሎ ነው የምኖረው፣ ልጄ 2ኛ ክፍል ነው። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ ያወርድላችኋል። ገበታው ላይ የፈለጋችሁትን ጠቁማችሁ ብትጠይቁት አይስትም። ዓረፍተ ነገር ስትሰጡት ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። «ትምህርት» የምትለዋን «ት... ም... ህ... ር... ት» እያለ ይቆጥራታል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል። ትናንት ማታ ስምንት መስመር የማትሞላ የፍየል ታሪክ ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን፣ ሽሮዬም አረረ። «ታዲያ ፍየሏ ምን ሆነች?» ስለው «የቷ ፍየል?» አይለኝም!

መምህርቱ «ቤት አስነብቢው» ትላለች። አስነብበዋለሁ። ሲሳሳት አርመዋለሁ፣ ሲደግመው እቆጣለሁ፣ ከዚያ ያለቅሳል። አስጠኚ ጠይቄ የተጠራልኝን ዋጋ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ምን ትሉኛላችሁ?

የካዛንቺስ ልጅ
ስልኩን ቀሚው፣ ያነባል።

የባቢ እናት
ስልክ የለውም። የኔንም ስክሪኑን ሰንጥቆት አሁን እኔ ራሴ ማንበብ አቅቶኛል።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ 31 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ አብዛኛውን 1ኛና 2ኛ ክፍል። እንደ ባቢ ያለ ልጅ ክፍሌ ውስጥ ያልነበረበት ዓመት የለም። ዓይኑንና ጆሮውን ግን አስመርምሪ፤ ሰሌዳ ስላልታየው ሰነፍ የተባለ ልጅ አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ልጅሽ ያንን ሸምድዷል። ገበታው ላይ ግን ሳድሱ ሁሉ (በየረድፉ ስድስተኛው ፊደል፣ እንደ «ት» ያለው) አናባቢ ድምፅ እየተሰጠው ነው የሚጠራው። ቃል ውስጥ ሲገባ አንዳንዱ ድምፁን ይይዛል፣ አንዳንዱ ይጥላል። «ትምህርት»ን እይው፤ አምስቱም ሳድስ ናቸው። ድምፅ የሚይዙት የመጀመሪያዋ «ት» እና «ህ» ብቻ ናቸው። ባቢ አምስቱንም እኩል ሲጠራቸው ቃሉ ይፈርስበታል። ይህን በገበታ አይማረውም፣ በጆሮው ነው የሚይዘው።

መጥበቅና መላላትም አለ። «ገና ገና አልደረሰም» ብለሽ ጻፊለት። የመጀመሪያው በዓሉ ነው፣ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ይላላል። ጽሑፉ ላይ ምንም ምልክት የለም፣ የሚለየው ነገሩ የገባው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የፍየሏን ነገር ቀድመሽ አጫውቺው፣ ከዚያ መጽሐፉን ክፈቱ።

አምስት ስድስት መስመር ምረጪ። መጀመሪያ አንቺ በወሬ ፍጥነት አንብቢለት፣ እሱ በጣቱ ይከተል። ቀጥሎ አብራችሁ፣ ከዚያ ብቻውን። ያንኑ ምንባብ ሦስት አራት ቀን መላልሱት። ሲደናቀፍ በልብሽ እስከ ሦስት ቁጠሪ፤ ካልመጣለት ፊደሉን ሳይሆን ሙሉ ቃሉን ንገሪውና ይቀጥል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሳሙኤልስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለዚሁ ደጋግሞ ማንበብ ጽፏል፤ ለእኛ አገር ግን እንግዳ ነገር አይደለም።

ቁም ንባብ
የመምህርን ቃል ላጽና። እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ነው ያደግሁት። ስንደዶ ይዘን መልእክተ ዮሐንስን መጀመሪያ በቁጥር ነበር የምናነበው፤ ፊደል በፊደል፣ ልክ እንደ ባቢ። ለየኔታ ይህ ጥፋት አልነበረም፣ አንድ ደረጃ ነበር። ከዚያ በኋላ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ የሚባሉት ደረጃዎች ይመጣሉ። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉትን የግእዝ ቃላት አነባበቦች የኔታ ቀድመው ያሰሙናል፣ እኛ እንቀበላለን። የቁጥሩን ደረጃ ያለፍነው ጽሑፉን እየሰማን ስለመላለስነው ነው። አርጩሜውን ግን ተይው፤ እኔን ያስተማረኝ መሸሽ ብቻ ነው።

ሰናይት ዘልደታ
ኢንተርኔት ላይ 2ኛ ክፍል በደቂቃ ወደ 100 ቃል ማንበብ አለበት የሚል አየሁና የኔዋ 30 አትሞላም። ደነገጥኩ!

ጡረተኛው መምህር
ያ የእንግሊዝኛ ሠንጠረዥ ነው። እኛ «ስለማይመጡልኝ» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እነሱ በስንት ቃል ነው የሚሉት? በዚያ ልክ ልጅሽን አታስጨንቂያት። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ደቂቃ ለኪና ደብተር ላይ ጻፊ፤ ያለፈውን ሳምንት ቁጥሯን ካለፈች ይበቃል። ፍጥነቱንም እሽቅድምድም አታድርጊባት፣ ነጥቡን ሁሉ እየዘለለች ትሮጣለች።

የባቢ እናት፣ አራት ኪሎ ከሆንሽ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ደጅሽ ነው። በ2014 ዓ.ም. ነው የተከፈተው፣ የልጆች ክፍል አለው። የሚያነበውን ራሱ ይምረጥ።

የባቢ እናት
አምስት ሳምንት ሆነን። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመጀመሪያው ሳምንት በሽምደዳ ነበር የሚወጣው፣ ዓይኑ ጣሪያው ላይ። ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ከዚያ ከመሐል እየጀመርኩ ሳስነብበው ተያዘ። ቅዳሜ በደቂቃ 19 ቃል የነበረው 34 ደርሷል። ቁጣዬን ግን ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ ብል ውሸት ነው።

ትናንት ከአብርሆት ስንመለስ አንድ አጥር ሥር አንድ ሰውዬ ፊቱን አዙሮ ቆሟል። ባቢ ከሰውዬው ራስ በላይ ያለውን ጽሑፍ እንደ ዜና አንባቢ ጮክ ብሎ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው!» ሲል ሰውዬው ሱሪውን እንደያዘ ተሻገረ። «ክልክል» አራት ሳድስ ናት ጋሼ፣ አንዷንም አልቆጠራትም። አሁን ምንባቡን ወደ አሥር መስመር ላሳድገው?

ጡረተኛው መምህር
ስምንት ይሁን። ፍየሏን መልሺለት።