አዲስ የሰጠሁት የኮምፒውተር ስም ሪስታርት ሲደረግ ወደ ድሮው ይመለሳል

ላብ_ኃላፊ፦
ጤና ይስጥልኝ። የትምህርት ቤት ላብ ውስጥ 24 ኮምፒውተሮች አሉ፣ ሁሉም ዊንዶውስ 10። ከአንድ ማሽን ክሎን ስለተደረጉ (እንዳለ ስለተገለበጡ) ስማቸውም አንድ ነው። ዶሜይን (ሁሉንም ከአንድ ቦታ የሚያስተዳድር ሰርቨር) የለም፣ ወርክግሩፕ ላይ ናቸው። በአድሚን አካውንት ሲስተም ፕሮፐርቲስ ገብቼ «ኮምፒውተርላብ2-ፒሲ01» ብዬ በእንግሊዝኛ ፊደል እሰጣለሁ፤ ይቀበላል፣ ሪስታርት ይጠይቃል፣ ሲነሳ ግን የድሮው ስም ነው። ሁለቱ ላይ ደግሞ ገና ስጽፈው ስሙ ልክ አይደለም ይለኛል። ምን ላድርግ?

ኔትወርክ_ሰው፦
ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። መጀመሪያ የሚመለሰውን እንየው። ዴስክቶፕ ላይ ባዶ ፎልደር ፍጠርና ሪስታርት አድርግ። ፎልደሩ ከጠፋ ማሽኑ ፍሪዝ ተደርጓል ማለት ነው። ዲፕ ፍሪዝ የመሰለ ፕሮግራም ሲ ድራይቭን በየሪስታርቱ ወደ ነበረበት ይመልሳል፤ ስሙም የሚጻፈው ሲ ድራይቭ ላይ ባለው ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች ማከማቻ) ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል።

ፎልደሩ ካልጠፋ ግን ሪስታርት ነው ወይስ ሸት ዳውን ያደረግኸው? ፋስት ስታርታፕ (ዊንዶውስን ቶሎ የሚያስነሳው ቅንብር) ከበራ ሸት ዳውን ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ ስም የሚጸናው በሪስታርት ነው።

ጥገና_24፦
ስለ ስሙ ልጨምር። ለኔትባዮስ ስም (ዊንዶውስ ማሽኖች ኔትወርክ ላይ ለሚተዋወቁበት ስም) የተመደበው 16 ባይት ነው፤ የመጨረሻው ለአገልግሎት ዓይነት ስለተያዘ ለስሙ የሚቀረው 15 ነው። ያንተ ስም 17 ቁምፊ አለው። ሲስተም ፕሮፐርቲስ ያስጠነቅቅሃል፣ እሺ ካልከው ግን ከ15ኛው በኋላ ያለውን ይቆርጠዋል። የሚቆረጠው ደግሞ 01፣ 02 የሚለው ቁጥር ስለሆነ 24ቱም እንደገና አንድ ስም ይይዛሉ! «ላብ2-01» በቂ ነው፣ 7 ቁምፊ።

እምቢ ላሉት ሁለቱ ከታች በቀኝ በኩል ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳልሆነ እይ። የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ ብቻ ተጠቀም። ክፍተት አይገባም፤ ቁጥር ብቻ የሆነ ስምም አይሆንም።

ላብ_ኃላፊ፦
ፎልደሩ ጠፍቷል። ሁለቱ ላይ ኪቦርዱ አማርኛ ነበር፣ ተስተካክሏል። ግን የዲፕ ፍሪዝ ምልክት የትም አይታየኝም።

ኔትወርክ_ሰው፦
የድቧ ምልክት እንዳትታይ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ኮንትሮል፣ አልት፣ ሺፍትና ኤፍ6ን አንድ ላይ ተጫን፣ ፓስወርድ ይጠይቃል። ምልክቷ ካለች ሺፍት ይዘህ ሁለቴ ክሊክ ማድረግም ይሆናል። ከዚያ ቡት ኮንትሮል ውስጥ «ቡት ቶውድ» (ፍሪዙ ተነስቶ ይነሳ) የሚለውን መርጠህ ሪስታርት። አሁን ስሙን ቀይር፣ ደግመህ ሪስታርት አድርግ፣ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ሆስትኔም ብለህ አዲሱን ስም አረጋግጥ። እሱን በዓይንህ ሳታይ ወደ «ቡት ፍሮዝን» (ፍሪዝ ሆኖ ይነሳ) አትመልሰው። ፓስወርዱ ከሌለህ ፕሮግራሙን ያስገባውን ሰው ፈልግ፤ ፍሪዝ እንደሆነ አንኢንስቶል ማድረግም አይቻልም።

አንድ በአንድ ስትሠራ ስሙን በወረቀት ለጥፍበት። ኋላ ኔትወርክ ላይ «ላብ2-17» ችግር ሲያሳይ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ፍለጋ አትገባም።

ጥገና_24፦
በሚቀጥለው ጊዜ ክሎን ከማድረግህ በፊት ዋናውን ማሽን ቶውድ አድርገህ በሲስፕሬፕ (ዊንዶውስን ለክሎን የሚያዘጋጅ የራሱ መሣሪያ) አሳልፈው። ሲ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ሲስፕሬፕ ፎልደር ውስጥ ታገኘዋለህ። «ጀነራላይዝ» የሚለው ላይ ምልክት አድርግ፣ መጨረሻው ሸት ዳውን ይሁን። ከጠፋ በኋላ ኢሜጁ (የሚገለበጠው ሙሉ ቅጂ) ሳይወሰድ ማሽኑን አታስነሳው። ከዚያ ኢሜጅ የሚነሳ ማሽን ሁሉ የየራሱን መለያ ይፈጥራል፤ አንተ የምትሰጠው ስሙን ብቻ ነው።