ከጁገል ውጭ ያሉት መቃብሮች የማን ናቸው?

የሰንጋ በር ልጅ፦ ሰላም ጎረቤቶች። ባለፈው ዓርብ የአያቴን መቃብር ልጎበኝ ከጁገል፣ ከሐረር አሮጌ ከተማ ግንብ ውጭ ወጣሁ። የራስጌዋ ድንጋይ የለም። ፈልጌ ፈልጌ ከአንድ አዲስ አጥር ሥር ተገንብቶ አገኘሁት። ስሟ አሁንም ይነበባል። ያጠረውን ሰው ስጠይቀው «ቦታው ባለቤት የለውም» አለኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ እውነት የለውም?

የከዚራ ልጅ፦ አላህ ይዘንላቸው ወንድሜ። ድሬ ሆኜ ሳነበው አመመኝ። ግን ሕጉን እንይ። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ በሙሉ የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። «የአያቶቻችን ርስት ነው» ብሎ ፍርድ ቤት መቆም አያዋጣም።

የአፎቻ እናት፦ ልጄ፣ ሰው ሲሞት የወንዶቹ አፎቻ፣ እንደ እድር ያለው ማኅበራችን፣ ጉድጓዱን ያስቆፍራል። የኛ የሴቶቹ ሐዘንተኛዋን ይይዛል፣ ምግብ ያበስላል። መሬቱ የመንግሥት ነው ካላችሁኝ እሺ። ማን የት እንደተኛ ግን ቢሮ ሄዳችሁ ብትጠይቁ መላሽ አታገኙም። ሽማግሌዎቹን ነው የምትጠይቁት። እነሱም እያለቁ ነው።

ከፈላና በር፦ እኔ አልስማማም። ጁገል ውስጥ ቤት ከቤት ተጣብቋል፤ ልጆቻችን የት ይኑሩ? አስከሬኑ ፈጽሞ አፈር ከሆነ ቦታውን ለሌላ ነገር መጠቀም ይቻላል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። መቶ ዓመት ጠያቂ ያጣ መቃብር ላይ ክሊኒክ ቢሠራ ሙታኑም የሚቀየሙ አይመስለኝም።

የሰንጋ በር ልጅ፦ አቦ፣ ክሊኒክ ቢሆን እኮ ተቀምጠን እንነጋገር ነበር። የተሠራው የአንድ ሰው አጥር ነው! ደግሞስ አፈር ሆኗል ብሎ የሚወስነው ማነው? አያቴን የቀበርናት እኔ አሥረኛ ክፍል እያለሁ ነው።

ሕግ ያጠናሁ፦ ሁለት ነገር እየተደባለቀ ነው። የመሬት ባለቤትነት አንድ ነገር ነው፤ ይዞታ ሌላ። ቤት የሠራን ሁላችን መሬቱ የኛ አይደለም፣ ይዞታው ግን የኛ ነው። አፎቻውም፣ መስጊዱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም በይዞታ ይከራከሩ። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ አለ። ቦታው ሳይመዘገብ ከቀረ በየዓመቱ አንድ ክንድ እየተቆረሰ ይሄዳል። መቃብር መድፈር ደግሞ ወንጀል ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 493 የሙታንን ሰላምና ክብር ይጠብቃል። ጁገል በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንቡን እየጠበቅን ግንቡን ያቆሙትን ሰዎች አጥንት እንዴት እንተዋለን?

የከዚራ ልጅ፦ ይዞታ ካልክማ እስማማለሁ። የጦር መቃብሩን አስቡት። እዚያው ሐረር በ1933ቱ ጦርነት የሞቱ የኮመንዌልዝ ወታደሮች ተቀብረዋል። መሬቱ የኢትዮጵያ ነው፤ እንክብካቤው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ነው። እያንዳንዱ ሟች በስሙ ተመዝግቧል። ከሩቅ አገር መጥቶ የሞተ ወታደር ዝርዝር አለው። የኛዎቹ እናቶች የላቸውም።

ከፈላና በር፦ ይህ ገባኝ። ግን በማን ስም ይመዝገብ? አንድ አፎቻ ከያዘው የሌላው አባል ነገ አትቀበርም ይባላል። እንዲህ ያለ ጠብ አይቻለሁ።

የአፎቻ እናት፦ እውነቱን ነው። የኛም ሰዎች ያጠፉት አለ። ከድሮው መቃብር ላይ አዲስ ቆፍረው ያገኙትን ድንጋይ ወዲያ የጣሉ አሉ። በአንድ አፎቻ ስም ከሆነ እኔም አልፈርምም።

ሕግ ያጠናሁ፦ በጋራ ኮሚቴ ስም ይሁን እማማ። የማይሸጥ፣ የማይከራይ፣ ለቀብር ብቻ ተብሎ ይጻፍበት። ግን ማመልከቻው ባዶ እጁን አይሂድ። ልኬትና የስም ዝርዝር ይያዝ።

የሰንጋ በር ልጅ፦ እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት ሜትር ይዤ እወጣለሁ። እማማ፣ የሚያስታውሱ ሁለት ሽማግሌ ይላኩልኝ። ፈላና በር፣ አንተም ና፤ ደብተሩን አንተ ያዝ። የአያቴን ድንጋይ ከአጥሩ ለማውጣት ግን ባለ ዲጂኖ ሰው ያስፈልገኛል።

ከፈላና በር፦ ዲጂኖ እኔ ጋ አለ።