በማስረጃ እጥረት የተለቀቀ ሰው ነፃ ነው ወይ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ የዚህ ወር ንባባችን የእንግሊዛዊው ዊልኪ ኮሊንስ ልብ ወለድ ነበር፤ በ1875 እ.ኤ.አ. የታተመው። ዋናዋ ባለታሪክ ቫሌሪያ ካገባች በኋላ ጉድ ትሰማለች። ባሏ የመጀመሪያ ሚስቱን በአርሴኒክ መርዝ ገድለሃል ተብሎ ስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ላይ ተከሶ ነበር። ፍርዱ «ጥፋተኛ» አላለውም፣ «ነፃ»ም አላለውም። «አልተረጋገጠም» ብሎ ሸኘው። ሴትዮዋ ይህን አልቀበልም ብላ ራሷ ማጣራት ጀመረች። ልክ ነበረች? እኛስ ዘንድ እንዲህ የተለቀቀ ሰው ነፃ ነው?

ከቡሬ፦ ልክ አልነበረችም። ፍርድ ቤት ከለቀቀው በቃ፣ አለቀ። የሞተ ሰው ነገር ሲነካካ ቂም ይቀሰቅሳል። ደም እንዴት እንደሚፈላለግ እዚህ ማን ያጣዋል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ከሞጣ፦ ወንድሜ፣ ያለቀው መዝገቡ ነው። እስቲ ሰውየውን ጽዋ ማኅበር ላይ አስበው። ይነሱለታል፣ ቦታ ይለቁለታል። ጠላ የሚቀዳው ግን ዓይኑን አያየውም። አጠገቡ ያለው ጨዋታውን ያቋርጣል። ሚስቱ ወፍጮ ቤት ተራ ስትይዝ ሴቶቹ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ለልጁ ሽማግሌ ቢልክ «እስቲ እንምከርበት» ይሉታል፤ ምክሩም አያልቅም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ 3 ላይ የተከሰሰ ሰው እንደ ንፁህ ይቆጠር ይላል። ፍርድ ቤታችን ስኮትላንድ ድሮ እንደነበራት «አልተረጋገጠም» የሚል ሦስተኛ ፍርድ የለውም። ሦስተኛውን የምንፈርደው እኛው ነን።

መጨረሻውን ያላነበባችሁ ይህችን ዝለሏት። ቫሌሪያን የረዳት የሟቿ ደብዳቤ ነው። ተቀዳዶ የቆሻሻ ክምር ውስጥ ተጥሎ ዓመታት አልፈውታል። እሷ በጀመረችው ፍለጋ ክምሩ ተቆፈረ፤ ብጥስጣሹም ተገጣጠመ። ሟቿ መርዙን ራሷ ወስዳለች! ቁጭ ብላ ብትጠብቅ ያ ወረቀት በስብሶ ይቀር ነበር። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ።

ከደጀን፦ ልጆቼ፣ ቫሌሪያ መጀመሪያ የጠረጠረችው ሌላ ሴት እንደነበር አትርሱ። ያቺ ሴት እጇ የለበትም። ድሮ በአገራችን አውጫጭኝ ነበር፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ አገሬው ተሰብስቦ ይዋል ይባላል። ሌባሻይም ነበር፤ መድኃኒት ያጠጡት ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ይባላል። በጥርጣሬ ሰው ማሳደድ ምን እንደሚያመጣ ከዚያ መማር ነው። ሚስት ትፈልግ፣ አልከለክልም። ያገኘችውን ግን ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ትስጥ። ራሷ የሰው ስም አታንሳ።

ከሞጣ፦ ጋሼ፣ በዚህ እስማማለሁ። ስም ከጠፋ መመለሱ ከባድ ነው፣ የሌላዋንም ሴት ጭምር። ግን የምትሰጠውን የሚቀበላት ይኑራ! ባሏ ተለቋል፣ መዝገቡ ተዘግቷል። ወረቀቷን ይዛ ብትመጣ «ምን ቀረሽ?» ነው የምትባለው። የቀረው ስሙ ነው። ለእሱ የትኛውን ቢሮ ታንኳኳ?