ከድባቴው ልጀምር ወይስ ከብቸኝነቱ?

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

ከሥራ ከወጣሁ 9 ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ባልደረቦቼ መደወል አቆሙ፤ ቀጥሎ ጓደኞቼ ሲገናኙ እኔን መጥራት ተዉ። የተጣላሁት ሰው የለም፤ ብቻ ቀስ በቀስ ተረሳሁ። አሁን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ «አዝኖልኝ ነው» እያልኩ እሸማቀቃለሁ።

በ2003 እ.ኤ.አ. ስለታተመ አንድ የአንጎል ጥናት አነበብኩ። ሰዎች በኮምፒውተር ጨዋታ ኳስ ሲቀባበሉ ቆይተው ድንገት የሚያቀብላቸው ሲያጡ፣ ከአካል ሕመም ጋር የሚያያዝ የአንጎላቸው ክፍል ይበልጥ ሲሠራ ታይቷል። ሕመሜን ፈጥሬ እንዳላመጣሁት ስለተሰማኝ አለቀስኩ።

ግራ የገባኝ ግን ይህ ነው፦ መገለሉ ድባቴ አመጣብኝ፣ ድባቴው ደግሞ ከሰው ያሸሸኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ጓደኛዬ እንገናኝ ብላኝ፣ ለብሼ ከጨረስኩ በኋላ በሩ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። እስካሁን ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኋትም።

መጀመሪያ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ልሂድ ወይስ ራሴን አስገድጄ ሰው መሃል ልግባ? ሁለቱን አብሮ ያስኬደ ካለ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት እንዴት እንዳለፈው ይንገረኝ። ለእሷስ ምን ብዬ ልጻፍላት?