የአየር ጠመንጃዬ ጥይት ስትበር ትታየኛለች፤ ዓይኔ ነው ወይስ መሣሪያው?

የአባይ ማዶው
ሰላም ቤተሰብ። ነገሩ ሊያስቃችሁ ይችላል፣ ግን ጠይቄ ልረፍ። አጎቴ ድሮ የገዛው፣ አፈሙዙ ታጥፎ የሚጎርስ የአየር ጠመንጃ አለው፤ ባለ 4.5 ሚሊሜትር። ለዓመታት ቁም ሣጥን አናት ላይ ተኝቶ ነው የኖረው። ከወር በፊት አውርጄ ወለወልኩት፣ ትንሽ ቴሌስኮፕም ገጠምኩለት። ግቢያችን ውስጥ የአፈር ክምር አለ፣ እሱ ላይ የሳልሳ ጣሳ እደረድርና ከ20 ሜትር እተኩሳለሁ።

ትናንት 11 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ከጀርባዬ ሆና ስተኩስ ጥይቷን አየኋት። በዓይኔ! ከቴሌስኮፑ ታች ብቅ አለች፣ እንደ ብር ፍንጣሪ እያበራች ወደ ላይ ወጣች፣ ከዚያ ጎበጥ ብላ ጣሳው ላይ ወረደች። ከ10 ተኩስ 7ቱን አይቻለሁ። ሁለቱ ደግሞ ቀጥ ብለው አልሄዱም፣ እንደ እንዝርት እየዞሩ ነው የሄዱት፣ ጣሳውንም ሳቱት። ከጎኔ ቆሞ የነበረው ወንድሜ ምንም አላየም። «ፀሐይ መትቶሃል» ብሎኝ ገባ። ጠመንጃው ደክሞ ነው? ወይስ ዓይኔን ልታይ?

አላምንም
ወንድም፣ ጥይት በዓይን አይታይም። ዝንብ ይሆናል። ሐይቅ ዳር እየኖርክ ዝንብ አታውቅም?

የአባይ ማዶው
ዝንብ ጣሳ አይበሳም 😂

ቲቸር
ይታያል እንጂ! ሰው ጥይት ሲባል ክላሽ ስለሚያስብ ነው። የክላሽ ጥይት በሴኮንድ 715 ሜትር ያህል ይሄዳል፣ የአየር ጠመንጃ እኮ እዚያ አካባቢም አይደርስም። በኦሊምፒክ የ10 ሜትር ውድድር የሚተኮስባቸው እንኳ በሴኮንድ ከ170 ሜትር ብዙም አይዘሉም። ያንተው አርጅቶ በሴኮንድ 120 ቢተኩስ፣ 20 ሜትሩን ለመጨረስ ከአንድ ሴኮንድ አንድ ስድስተኛውን ይወስዳል። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል ማለት ነው።

ወንድምህ ያላየበት ምክንያትም ቀላል ነው። አንተ ከኋላዋ ሆነህ ነው የምታያት፣ ስለዚህ ዓይንህ ውስጥ ቦታዋን ብዙም አትቀይርም፣ እየራቀች ብቻ ነው የምትሄደው። እሱ ግን ከጎን ስለቆመ ፊቱን አቋርጣ ነው ያለፈችው። መኪና መንገድ ዳር ቆመህ ሽው ሲልብህና ከኋላው ሆነህ ስትሸኘው አንድ አይደለም። ፀሐይዋ ደግሞ ከጀርባህ ስለነበረች የእርሳስ ጥይቷን ቂጥ አበራችልህ። ነገ ጠዋት በ2 ሰዓት እዚያው ቆመህ ወደ ምሥራቅ ተኩስ፣ ፀሐይዋ ፊትህ ላይ ትሆናለች፣ ምንም አታይም።

ወደ ላይ ወጥታ የምትወርደው ደግሞ ቴሌስኮፑ ከአፈሙዙ 4 ወይም 5 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ነው። ጥይቷ ከእይታህ በታች ትነሳለች፣ አፈሙዙ ትንሽ ቀና ስላለ መስመሩን ትቆርጣለች፣ ከዚያ መሬት ይስባታል። ስለዚህ ዓይንህ ጤነኛ ነው። እንዲያውም እንኳን ደስ አለህ፣ ብዙ ሰው በጠመንጃው ርግጫ ምክንያት ይህን ሳያይ ነው የሚቀረው።

የአባይ ማዶው
ቲቸር አመሰግናለሁ። ግን መድከሙን እንዴት ልወቅ? ፍጥነት መለኪያ ማሽን የት ይገኛል እዚህ አገር?

ቲቸር
ስልክህ ይበቃል። ጠመንጃው ሳይጎርስ ሄደህ ስልክህን መሐል ላይ አስቀምጠው፣ ማለትም 10 ሜትር ላይ፣ ግን ከመስመሩ 3 ሜትር ወደ ጎን ወጣ አድርገህ። ድምፅ መቅጃውን ክፈት፣ ተመልሰህ ተኩስ። ቅጂውን የድምፅ ሞገድ በሚያሳይ አፕ ስትከፍተው ሁለት ጉብታ ታያለህ፤ አንዱ ተኩሱ፣ ሌላው ጣሳው ነው። በመሐላቸው ያለው ጊዜ ጥይቷ የበረረችበት ነው። ስልኩ ለሁለቱም እኩል ስለሚርቅ የድምፁ ጉዞ ይጣፋል፣ ስለ እሱ አትጨነቅ። 20ን ለዚያ ጊዜ አካፍል፣ አለቀ። አምስት ጊዜ ሞክርና አማካዩን ያዝ።

ሞርሳ
የቲቸር ትክክል ነው ግን እየዞሩ ስለሄዱት ዝም አለ፣ ዋናው ጨዋታ እዚያ ነው። ጥይቷ ስትታይ ችግር የለም። ስትዞር ግን ችግር አለ። የዚህች እርሳስ ወገቧ ቀጭን ነው፣ ከኋላ ባዶ ቀሚስ አላት። አየሩ ሲገፋት ቀሚሷ ይነፋና አፈሙዙን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ቀሚሷ ከተጣመመ አየሩ በአንድ ጎን ያመልጣል፣ ከአፈሙዝ ስትወጣ እየዋለለች ነው። እስቲ ልጠይቅህ፣ ጥይቶቹን የት ነው የምታስቀምጣቸው?

የአባይ ማዶው
ኪሴ ውስጥ። ከቁልፍ ጋር 🙈

ሞርሳ
በቃ! እርሳስ ለስላሳ ነው፣ በጥፍር እንኳ ይጫራል። እያንዳንዷን አገላብጠህ ቀሚሷን እይ፣ ክብ ያልሆነውን ጣል። አፈሙዙንም ጥረግ። ከዓሣ አጥማጆች ወፍራም የመረብ ናይለን ለምነህ ውሰድ፣ ጫፉ ላይ ንጹሕ ጨርቅ እሰርና ከጎራሽ በኩል አስገብተህ በአፉ በኩል ሳበው። ጥቁሩ እስኪቀንስ ደጋግም። በሽቦ እንዳትሞክረው፣ የአፈሙዙን ጫፍ ከጫርከው ዕድሜ ልኩን አይመታልህም።

ስትወለውለው ዘይት ጨምረህበት ነበር?

የአባይ ማዶው
የሞተር ዘይት፣ በአየር ቀዳዳው። መጀመሪያ ላይ ሲተኮስ ጭስ ነበረው፣ ድምፁም ከባድ ነበር። ጠነከረ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እንጂ…

ሞርሳ
ዘይቱ ነው የነደደው። ውስጥ ያለው አየር ሲታመቅ ይግላል፣ እንደ ናፍጣ ሞተር ያቀጣጥለዋል። ሞላውንም አየሩን የሚያሽገውን ጎሚኒም የሚበላ ነገር ነው፣ አትድገመው። ጥይት ሳታጎርስም ባዶውን አትተኩስ። የድሮዎቹ ውስጣቸው የቆዳ ጎሚኒ ነው ያለው፣ ለዓመታት ሲቀመጥ ይደርቃል። ግን ራስህ እንዳትፈታው! ሞላው ተጨምቆ ነው ያለው፣ ለቀቅ ያደረግከው ቀን ጥርስህን ያራግፍሃል። በሞርሳ አጥብቆ የሚፈታ ሰው ጋ ውሰደው።

ጡረተኛው
ልጄ፣ ስለ ጥይቱ ልጆቹ በደንብ ነግረውሃል። እኛም በክላሽና በመትረየስ ዘመን፣ በጥሩ መነጽር ከተኳሹ ኋላ የቆመ ሰው ጥይቱ አየሩን ሲቀድ እንደ ሙቀት ጭላንጭል ያይ ነበር። እኔ የማሳስብህ ሌላ ነው። ከአጥር ማዶ የሚያይህ ጎረቤት የአየር ይሁን የባሩድ አይለይም፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው የሚያየው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል አለ። ነገር ሳይመጣ አጎትህን ይዘህ ቀበሌና ፖሊስ ጠይቅ፤ የሚሉህን ስማ። እስከዚያ አትተኩስ፣ ከግቢም ይዘኸው አትውጣ።

የአባይ ማዶው
እሺ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ሰኞ ከአጎቴ ጋር እንሄዳለን።

ታንኳ ቀዛፊ
ጋሼ ከነገሩህ ላይ ልጨምር። ማንም ይህን አንብቦ ጣና ዳር ወጥቶ ውሃው ላይ እንዳይሞክር። እርሳስ ውሃ ላይ ይነጥራል፣ በደንገሉ ውስጥ ታንኳ ይኑር አይኑር ከዳር አይታይም፤ እኛ እኮ ጎንበስ ብለን ነው መረብ የምንስበው። ወፎቹም ጠጠር መስሏቸው እርሳሱን ይውጡታል፣ ይመርዛቸዋል።

የአባይ ማዶው
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። አጎቴና እኔ ሄደን ጠየቅን፤ ስማችንን መዘገቡ፣ ከግቢ እንዳይወጣ አሉን።

በስልክ ስለካው አማካዩ 0.18 ሴኮንድ ነበር፣ ማለትም በሴኮንድ 111 ሜትር። ደክሟል! አንድ ብየዳ ቤት ወስጄ በሞርሳ አስፈታሁት፣ ቆዳው እንደ ቋንጣ ደርቆ ተሰንጥቋል። ሰፈራችን ያለ ጫማ ሰፊ በልኩ ቆረጠልኝ። አሁን 0.13 ሴኮንድ፣ በሴኮንድ 154 ሜትር ገደማ። የተጣመሙትን ጥይቶች ጣልኩ፣ ከ50ው 19ኙ! እየዞረች የምትሄድ አንድም የለም።

አዲስ ችግር ግን መጣ። አሁን ጣሳውን አነጣጥሬ ስተኩስ ከበላዩ አልፋ አፈሩ ላይ ትገባለች።

ቲቸር
መጠበቅ ነበረብህ። በ0.18 ሴኮንድ ወደ 16 ሳንቲሜትር ትወርድ ነበር፣ በ0.13 ግን 8 ብቻ። ቴሌስኮፑ ለድሮው ነው የተስተካከለው። በማስተካከያው ጥይቷ የምታርፍበትን ቦታ ወደ 8 ሳንቲሜትር ወደ ታች አውርደው። ለመሆኑ አሁንም ትታይሃለች?

የአባይ ማዶው
11 ሰዓት ላይ ትታያለች፣ ግን ከ10 ሦስቷን ነው። ትናንት ወንድሜን ከኋላዬ አስቁሜው ትከሻዬ ላይ አገጩን አስደግፌ ተኮስኩ። «እ!» ብሎ ዘለለ።

አላምንም
ቅዳሜ ግቢያችሁ ልምጣ?