ጥቆማ፦ የጃንሆይን የወርቅ ሃያ ብር የት ላስመርምር?

ሃያ ብሩ፦ ሰላም ቤተሰብ። ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በ1958 ዓ.ም. ከተመቱት የጃንሆይ የወርቅ ሳንቲሞች ሃያ ብሩን አንድ ሰው ሊሸጥልኝ ነው። "የተመታው ጥቂት ነው" ብሎ የወርቁን ዋጋ እጥፍ ጠራብኝ። ሳንቲም መርምረው ደረጃ ለሚሰጡት ድርጅቶች፣ ለኤንጂሲ ወይም ለፒሲጂኤስ፣ ልላከው ወይስ እዚሁ ያለ ወርቅ ቤት ልውሰደው?

የመርካቶ ልጅ፦ ምን ኤንጂሲ ያስፈልጋል? መርካቶ የምናውቀው ወርቅ ሠሪ አለ። ድንጋይ ላይ አሸት፣ አሲድ ጠብ ያደርግና ወዲያው ይነግርሃል። ከአባቴ ጀምሮ ደንበኞቹ ነን።

ሚዛን፦ ኧረ በፈጠራችሁ! የሚሰበሰብ ሳንቲም ድንጋይ ላይ አይታሽም። ጠርዙ ከተፋቀ የሰብሳቢ ዋጋው አለቀለት።

ፈረሰኛው፦ እኔን ያየ ይቀጣ። የ1917 (እ.ኤ.አ.) ሶቨሪን፣ የእንግሊዝ የወርቅ ሳንቲም፣ "ለንደን የተመታ፣ ብርቅ ነው" ተብዬ በውድ ገዛሁ። ቤት ገብቼ በልጄ ማጉያ መነጽር ሳየው፣ ሳንቲሙ ላይ ካለው ፈረስ ሥር፣ ከዓመቱ በላይ፣ ሚጢጢ የኤስ ፊደል አለች። ሲድኒ የተመታ ነው ለካ! የለንደኑ ፊደል የለውም። ወርቁስ ወርቅ ነው፤ የከፈልኩት ግን የብርቅ ዋጋ ነው። ሱቁ አልመልስም አለኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እታለም፦ ውይ ወንድሜ! የቱ ሱቅ ነው? እንጠንቀቅ።

ፈረሰኛው፦ ስም አልጠራም እህቴ። ፊደሏን ብቻ እዩ።

ሚዛን፦ የለንደኑ 1917 እኮ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተመትቷል። ግን አብዛኛው ለጦርነት ዕዳ አሜሪካ ሄዶ ቀለጠ። የአሜሪካው የ1933 የሃያ ዶላር የወርቅ ሳንቲምም 445,500 ተመትቶ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀልጧል። ከተረፉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2021 በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ስለዚህ ስንት ተመታ ብቻ ሳይሆን ስንት ቀረ በሉ።

የመርካቶ ልጅ፦ የእኛ ሰውዬ ይህን ሁሉ ሳያወራ በዓይኑ ይለያል።

ጎበዝ፦ ዓይኑ እንዲህ ከሆነማ ጥቁር አንበሳ ራጅ ክፍል ይቀጠርልን!

ኑሮ በዱባይ፦ ለምን ክሩገራንድ፣ የደቡብ አፍሪካውን የወርቅ ሳንቲም፣ አትገዛም? 33.93 ግራም ይመዝናል፣ በውስጡ አንድ አውንስ ንጹሕ ወርቅ አለ። ዴይራ ወርቅ ገበያ ሞልቷል።

ሚዛን፦ እሱ የጠየቀው ሌላ ነው። ሃያ ብሩ፣ መጀመሪያ አስመዝነው። 8 ግራም መሆን አለበት፤ ከ1000 እጁ 900ው ወርቅ ስለሆነ ንጹሕ ወርቁ 7.2 ግራም ነው። ሳይፋቅ በማሽን የሚፈትሽ ወርቅ ቤት ለዚህ ይበቃል። ለደረጃው ግን ኤንጂሲም ፒሲጂኤስም ጥሩ ናቸው። ከ70 ነጥብ ሰጥተው በፕላስቲክ ያሽጉታል፤ ከየዓይነቱ ስንት ሳንቲም እንዳዩም ይፋ ያደርጋሉ። ቁጥሩን ግን እንዳለ አትመነው። ሰው የተሻለ ነጥብ ፍለጋ ፕላስቲኩን ሰብሮ ድጋሚ ሲልክ አንዱ ሳንቲም ሁለቴ ሊቆጠር ይችላል። ደግሞ በእናትህ፣ እንዲያበራ ብለህ በጥርስ ሳሙና እንዳታሸው።

ሃያ ብሩ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሻጩ ቅዳሜ እንገናኝ ብሏል፣ ሚዛን ይዤ እሄዳለሁ።

እታለም፦ ዱባይ ያለኸው፣ 21 ካራት ሐብል በግራም ስንት ገባ? ለእህቴ ሠርግ ነው።

ኑሮ በዱባይ፦ በውስጥ አናግሪኝ።

ፈረሰኛው፦ ሃያ ብሩ፣ ቅዳሜ አለፈ እኮ። ገዛኸው?